ያላረፈ ባትሪ አይወጣም

የድሮ ባልደረባዬ ስማቸው የደወለልኝ ስለ አንድ የድሮ ካርታ ሊጠይቀኝ ነበር። ካርታው የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት፤ አመሰገነኝ። ስልኩን ልንዘጋ ስንል «እትዬ ዘመናይ እኮ አረፉ፤ ሰምተሃል አይደል?» አለኝ። አልሰማሁም። መቼ ብለው «ኧረ አርባቸውም ወጥቷል» አለ። ሰው እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ከካርታ ቀጥሎ ይናገራል? ተቆጣሁት። እሱ ምን ያድርግ፤ የሰማሁ መስሎት ነው። ከፍኖተ ሰላም ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዞር ብዬ እንኳን አልጠየቅኳቸውም። ቁጣው ለእኔ ነበር የሚገባው፤ ስማቸው መሃል ገባበት እንጂ።

እትዬ ዘመናይ አንድ የመሬት ልኬታ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራውም፤ የማወራው ስለ ሰው ነው። እኔ እዚያው ቀያሽ ነበርኩ። ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ፣ ዲፕሎማዬ ገና ያልደረቀ፣ ያለ እኔ የጎጃም መሬት የሚለካ የማይመስለኝ ጎረምሳ። ጊዜው የአንድ ለአምስትና የግምገማ ዘመን ነው። ሁሉም ነገር በዕቅድ ይቆጠራል፤ በሳምንት ይህን ያህል ማሳ፣ በወር ይህን ያህል ቀበሌ። ገበሬው የይዞታ ደብተሩን ይጠብቃል፣ ኃላፊው ሪፖርቱን ይጠብቃል፣ እኛ ደግሞ እትዬ ዘመናይን እንጠብቃለን።

ለምን ብትሉ፣ ባትሪው እሳቸው እጅ ነው።

መሬት የምንለካበት መሳሪያ በሦስት እግር የሚቆም ነው፤ ርቀቱንም ማዕዘኑንም በጨረር ይወስዳል፤ ያለ ባትሪ ግን ምንም አይፈይድም። ባትሪዎቹ ሊቲየም የሚባሉት ናቸው፤ በስልክ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ሁለት ሁለቱ ተያይዘው አንድ ላይ የታሸጉ። ያሉን ሦስት ብቻ ነበሩ። እትዬ ዘመናይ በቀይ የጥፍር ቀለም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቁጥር ጽፈውባቸዋል። የሴት ልጃቸው የጥፍር ቀለም ነበር። ልጅቱ ተናዳ እስከ ቢሮ መጥታ ስትጠይቃቸው «ጥፍርሽ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባትሪዬን ነው የማላውቀው» ብለው መለሷት።

አንድ ባትሪ ከቻርጀር ሲወርድ ወዲያው አይሰጡም። «ያላረፈ ባትሪ አይወጣም» ይላሉ። ማታ ከሞሉት ጠዋት፣ ጠዋት ከሞሉት ከሰዓት። ካረፈ በኋላ በቴስተር ቮልቱን ለክተው በደብተራቸው ይጽፋሉ። ከዚያ አንድ የሞተር ሳይክል አምፖል ከባትሪው ጋር ያገናኙና፣ አምፖሉ እየበራ ዓይናቸውን ቴስተሩ ላይ ተክለው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ሲጨርሱ ቮልቱ ስንት ላይ እንደወረደ ይጽፋሉ። በዚህ መሃል ማንም አያናግራቸውም። ኃላፊው ራሱ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ «አሜን» እስኪሉ ጠብቋል።

ያላሾፈባቸው አልነበረም። «እትዬ ዘመናይ ባትሪ ያስቀድሳሉ» እንል ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉ የባስኩ ነኝ። «እትዬ፣ እጅዎ ላይ ሰዓት አለ አይደል፤ ለምን በሰዓት አይለኩትም?» ብያቸው ነበር።

«ሰዓት እያየሁ ቮልቱን በምን ልየው? ያለኝ ዓይን እንደሆነ እሱው ነው» አሉኝ።

ምን ይባላል!

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሂሳብ ላስተምራቸው ሞከርኩ። ባትሪው ሲሞላ ስምንት ነጥብ አራት ቮልት ያሳያል፤ ስድስት ነጥብ አራት ሲደርስ መሳሪያው ይጠፋል። «ስለዚህ ሰባት ነጥብ አራት ሲያሳይ ግማሽ ነው ማለት ነው» አልኳቸው፤ እንደ አስተማሪ። ሳቁብኝ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ።

«ግማሽ? ሰባት ነጥብ አራት ላይ ካየኸውማ ወደ ቤትህ ተመለስ፤ ሩብም አልቀረው። እሱ እንደ ጋን ጠላ እኩል እኩል አይወርድም፤ የኔ ጌታ። መጀመሪያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሰባት ተኩል አካባቢ ሲደርስ ቁጭ ይላል፤ ብዙ ሰዓት ቁጭ ይላል፤ ያልቃል አትልም። ከሰባት በታች ከሆነ በኋላ ግን ገደል ነው።»

«ይህን ከየት ተማሩት?»

«ከደብተሬ።»

እውነታቸውን ነበር። ባትሪ ሲወጣ ቮልቱን፣ ሲመለስ ቮልቱን፣ በመካከሉ ስንት ነጥብ እንደተለካ እየጠየቁ ለዓመታት ጽፈዋል። እኛ የምንመልስላቸው እየሰለቸን ነበር፤ «ሠላሳ ይሁን አርባ» እያልን። እሳቸው ግን «ይሁን» የሚባል ቁጥር አያውቁም። «ሠላሳ ነው አርባ?» ብለው እርሳሱን ይዘው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ከቡሬ በኩል የመጣ የልኬታ ባልደረባችን ሁለት ቁጥርን መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሊያሞቃት አስጥቷት ተገኘ። ያደግንበት ነገር ነው፤ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ካልሆነም በጥርስ ይነከሳል፤ ከዚያ አንድ ዜና ያሰማል። እትዬ ዘመናይ ሲያዩት እየሮጡ ነው የደረሱ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ባትሪዋን በነጠላቸው አንሥተው ጥላ ውስጥ አስቀመጧት። ከዚያ ሰውየውን ቀና ብለው እያዩ «ስትነክሳት ደርሼብህ ቢሆን ዛሬ ቀብር ላይ ነበርን» አሉት። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሊቲየም እንደ ሬዲዮ ድንጋይ አይደለም፤ ቢነከስ ይፈነዳል።

በግምገማ ላይ «ማነቆ» ተባሉ። ያኔ ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ማነቆ የተባለ ሰው ደመወዙም ደረጃውም ያሳስበዋል። ቃሉን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዕቅዳችን የሚጓተተው ንብረት ክፍል ባትሪ ስለሚያዘገይ ነው አልኩ፤ እጄን አውጥቼ፣ እዚያው ፊታቸው። እትዬ ዘመናይ ሂስዎን ይዋጡ ሲባሉ ተነሡና «ልክ ናችሁ፤ ማነቆ ነኝ። የጠርሙስ አንገትም የጠበበው እንዳይደፋ ነው» ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ጠዋት ባትሪ ስወስድ እንደ ወትሮው «እንዴት አደርክ፤ እናትህ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

አሁን ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ጉዳይ ልምጣ፤ እትዬ ዘመናይን እስከ ዛሬ የማልረሳቸው በእሱ ነውና።

ወይዘሮ አትጠገብ ወደ ገበዝ ማርያም በሚወስደው ደጋ ላይ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንድ ማሳ አላቸው፤ ከዚያ ሌላ የላቸውም። ማሳው ከአቶ ምናለ ማሳ ጋር በሁለት በኩል ይዋሰናል፤ በጎን ድንጋይ የተተከለበት መስመር፣ በታች ወንዝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ድንበሩ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ወደ እሳቸው ይገባ ነበር። ክርክሩ ብዙ ከቆየ በኋላ ሽማግሌ ገባና ሁለቱም ተስማሙ፦ ድንጋዮቹን በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ የተከሉት አያ ይርጋ መጥተው ያሳዩ፣ ያሳዩት በመሳሪያ ይለካ፣ ከዚያ በኋላ ነገር የለም። አያ ይርጋ ሰማንያን አልፈዋል። ከግማሽ በላይ የሆኑት ድንጋዮች አፈር ውጧቸዋል፤ የት የት እንዳሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ታመው ነበርና በበቅሎ ላይ ታቅፈው እንዲመጡ ነው የተዘጋጀው። ቀኑን ለማግኘት ራሱ ሁለት ወር ፈጅቷል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሾፌሩ ውጭ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ንብረት ክፍል ገባሁ። ሁለት ቁጥር ቡሬ ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁጥር አለች፤ ቴስተር ሰካሁባት፤ ሰባት ነጥብ ስምንት። ሦስት ቁጥር ቻርጀር ላይ ናት፤ ነቅዬ ለካኋት፤ ስምንት ነጥብ ሦስት።

«ሦስትን እወስዳለሁ» አልኩ።

«አንድን ውሰድ» አሉ እትዬ ዘመናይ። «እሷ ሁለት ቀን ያረፈች ናት፤ አምፖሉንም ተሸክማ አይቻታለሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። ሦስት አርጅታለች። ከቻርጀር ስትወርድ አፏ ትልቅ ነው፤ ሲጫንባት አትችልም።»

«እትዬ፣ ስምንት ነጥብ ሦስት እኮ ነው! አንድን ቻርጅ ያድርጓት፤ ለነገ ትሁነን።»

«ሁለቱንም ውሰድ እንግዲያ።»

«ነገ ደግሞ ሁለቱንም ባዶ ላምጣልዎ?» አልኩና ኃላፊውን ጠራሁት። ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ «ይስጡት፤ እትዬ» አለ። ሰጡኝ። ደብተራቸው ላይ ጻፉና አስፈረሙኝ፤ አላነበብኩትም። ከዚያ ትንሿን ቴስተራቸውን አንሥተው መሳሪያው ሣጥን ውስጥ ከተቱልኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን መልቀሙም አልሆነልኝም፤ እንደምታዩት።

ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። አያ ይርጋ በቅሎ ላይ ሆነው በከዘራቸው ያሳያሉ፤ ሰው ይቆፍራል፤ ድንጋዩ ከሥር ይወጣል። የሚለካው ዘጠኝ ነጥብ ነው። ሦስቱን ለካሁ። አራተኛውን ለካሁ። አምስተኛው ላይ ሰው ጨረሩን የሚመልሰውን መስተዋት ይዞ እንደቆመ መሳሪያው ድርግም አለ። አበራሁት፤ ጠፋ። ደግሜ አበራሁት፤ ስሙን አሳይቶኝ ጠፋ።

አያ ይርጋ ብርድ አንቀጥቅጧቸዋል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ግን እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። «ምን ሆነ፤ ልጄ?» አሉኝ። ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ደወልኩ።

እትዬ ዘመናይ «ብዬህ አልነበር» አላሉም። «ስንት ነጥብ ለካህ?» አሉ።

«አራት።»

«ስንት ቀረህ?»

«አምስት።»

«አጥፋው። ባትሪውን አውጣና ብብትህ ውስጥ ክተተው፤ ብርድ ይዞት ነው ግማሹ። ግማሽ ሰዓት እንዳትነካው። ከዚያ ለክተህ ደውልልኝ።»

ግማሽ ሰዓቱን ባትሪ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ልጆች ከሩቅ እያዩኝ ይስቃሉ። ሲደርስ ለካሁ፤ ሰባት ነጥብ አንድ። ደወልኩ።

«አሁን መሳሪያው ውስጥ አግባውና አብራው፤ በርቶ ሳለ ለካው» አሉኝ። መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ በኋላ የቴስተሩን ጫፎች አስጠጋሁ። ስድስት ነጥብ ሰባት። «አጥፋው» አሉ ወዲያው። «አንድ ነጥብ ስንት ደቂቃ ይወስድብሃል?»

«ሰውየው ቆሞ ከጠበቀኝ ሦስት።»

ስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ደብተሩ ነው። ሦስት ቁጥር ከዚህ በፊት የደከመችባቸውን ቀኖች እየፈለጉ ነበር።

«አራት ነጥብ ታደርስሃለች» አሉ።

«አምስት ነው የቀረኝ እኮ፤ እትዬ!»

«አራት አልኩህ። ሰው ነጥቡ ላይ ሳይቆም እንዳታበራው። የመሳሪያውን መስኮት መብራት አጥፋ፤ ድምፁንም አጥፋ። የትኛው እንደሚቀር ባለቤቷን ጠይቅ፤ አንተ አትምረጥ።» ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ወረድኩና ለወይዘሮ አትጠገብ ነገርኳቸው፤ አራቱን ብቻ ነው የምችለው፣ አንዱ ይቀራል፣ የትኛው ይቅር? አላመነቱም። ወደ ታች ጠቆሙ። ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ዶቅማ ዛፍ አለ፤ አያ ይርጋ የመጨረሻው ጥግ እሱ ነው ብለው ከዘራቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈውበት ነበር። «እሱ ይቅር። ድንጋይ ሰው ይነቅለዋል፤ ወንዝ ግን ማንም አይሰርቀውም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ልክ ነው አሉ። አራቱን ድንጋዮች ለካሁ። አራተኛውም ተመዘገበ። ባትሪዋ አምስተኛውን ትችል እንደሆነ አልሞከርኩም፤ ፈራሁ፤ አራት ብለውኛልና። አያ ይርጋ ወር ሳይሞላቸው አረፉ።

እዚህ ላይ ብቆም ደግ ነበር። ነገር ግን ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። ያልተለካ ጥግ ያለበት ማሳ ከዕቅድ አይቆጠርም። ባትሪ አለቀብኝ ብል ደግሞ ግምገማ አለ፤ ማን ከለከለህ፣ ማን መከረህ፣ ማን ፈረመ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በታችኛው ጥግ ባለይዞታዋ ባሉት መሠረት ወንዙ ድንበር ሆኗል።» ውሸት ነው? ሴትየዋ ወንዝ ብለዋል። እውነት ነው? ዶቅማው ይቅር አሉ እንጂ ድንበሬ ወንዝ ይሁን አላሉም። ይህን ልዩነት ያን ዕለትም አውቀው ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ከባድ ነበር። ወንዙ ደፍርሶ ሞላና አዲስ መንገድ ቀደደ፤ በወይዘሮ አትጠገብ ማሳ ውስጥ ገብቶ ዶቅማውን ከሥሩ ካለው መሬት ጋር ወደ ማዶ አስቀረው። አቶ ምናለ መስከረም ሲጠባ አረሱት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ወረቀቱን አሳዩ። ወረቀቱ «ወንዙ ድንበር ሆኗል» ይላል። ለወይዘሮ አትጠገብ ምስር የሚወጣላቸው እርጥቡ መሬት ያው ነበር፤ ልጆቻቸውን ዐቢይ ጾምን የሚያሻግርላቸው። ወይዘሮ አትጠገብ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው አቤት አሉ።

አቤቱታው ሲመጣ ፋይሉ ወጣ። የመሳሪያውን መዝገብ አያይዙ ተብሎ ፋይሉ ንብረት ክፍል ሄደ። በማግስቱ እትዬ ዘመናይ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። አይመጡም ነበር እኮ፤ ሰው ነው ወደ እሳቸው የሚሄደው።

«ደብተሬንና ሪፖርትህን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው» አሉ።

«እሺ፤ እትዬ?»

«አይተዋወቁም።»

ለኃላፊው ነግረውታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «አልነገርኩም። ሐሙስ እዚያው ማሳው ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል። እኔ እሄዳለሁ፤ አንተም ትሄዳለህ» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ እስኪደርስ እህል አልቀመስኩም ብል አላጋነንኩም። ደብተራቸውን ያነቡታል፣ ፊርማዬን ያሳያሉ፣ አለቀልኝ። መልቀቂያ ልጽፍ ጀምሬም ነበር። ማነቆ ያልኳቸው ሴት ናቸው፤ ቢበቀሉኝ ምን ይፈረድባቸዋል?

ሐሙስ በመኪናው ውስጥ እትዬ ዘመናይ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል።

ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ አቶ ምናለ ወረቀታቸውን አስነብበው ሲያበቁ፣ እትዬ ዘመናይ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። ደብተሩን አልከፈቱትም። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«እኔ የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ሠራተኛ ነኝ። ያን ቀን የመሳሪያው ባትሪ አለቀ። ይህ ልጅ ስንት ነጥብ ያደርሰኛል ብሎ ደወለልኝ። ደብተሬን አየሁ፤ አምስት ታደርሳለች ብዬ አሰብኩ። ግን አራት አልኩት። አንዱን ለማላውቀው ነገር ብዬ አስቀረሁት፤ ልማዴ ነው። ያስቀረሁት ይኸው፤ የእርስዎ ዶቅማ ሆነ» አሉና ወደ ወይዘሮ አትጠገብ ዞሩ። «አምስት ብዬው ቢሆን ኖሮ ዶቅማው ይለካ ነበር። ጥፋቴ ነው፤ እመቤቴ። ይቅር ይበሉኝ።» ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ተቀመጡ።

አምስት አስበው እንደነበር የሰማሁት ገና ያኔ ነው። ማንም አያውቅም ነበር፤ ደብተራቸውም ላይ የለም። ባይናገሩት በምድር ላይ የሚደርስባቸው ሰው የለም። ስለ አንድ ቁጥርና ስለ ሦስት ቁጥር አላነሡም፤ ስለ ፊርማዬ አላነሡም፤ ስለ ሪፖርቱ አላነሡም። እኔንም አላዩኝም፤ ወንዙን ነበር የሚያዩት።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። «የምን ባትሪ ነው?» አሉ አንዱ። «ወረቀቱ ላይ ባትሪ የሚል የለም።»

ተነሣሁ። እንደ እሳቸው አላማረልኝም፤ ተንተባተብኩ። ውሰድ የተባልኩትን ባትሪ ትቼ ያልተባልኩትን እንደወሰድኩ፣ ዶቅማው የቀረው በባትሪ ምክንያት ብቻ እንደሆነ፣ ወይዘሮ አትጠገብ ወንዙ ድንበሬ ይሁን ብለው እንደማያውቁ፣ ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ለራሴ ብዬ እንደሆነ ተናገርኩ። ወይዘሮ አትጠገብ «ታዲያ እኔ ከመስከረም ወዲህ ራሴን ስረግም ነበር፤ አፌ ነው ያጠፋኝ እያልኩ» አሉ። ይህን ከመስማት መሬት ቢውጠኝ ይሻለኝ ነበር። አቶ ምናለ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «አያ ይርጋ ከዘራቸውን ዶቅማው ላይ ሲያሳርፉ እኔም አይቻለሁ። ያየሁትን አልክድም» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቁጥርን ይዤ ሄድኩ፤ አምፖል የተሸከመች፣ ያረፈች፣ አቡነ ዘበሰማያት የተደገመባት። ወንዙን ተሻግሬ ዶቅማውን ለካሁ። መሬቱ ለባለቤቷ ተመለሰ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የደረጃ ዕድገቴም ለዓመት ተያዘ። ለእትዬ ዘመናይም ደብዳቤ ደረሳቸው፤ «ከሥራ ድርሻቸው ውጭ የቴክኒክ ምክር በመስጠታቸው» የሚል። አንብበው፣ ሁለት ቦታ ፊደል አርመው ፈረሙበት። እኔ ልከራከርላቸው ብል «ተው፤ እውነት ነው፤ ሰጥቻለሁ» አሉኝ።

ከወራት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ወይዘሮ አትጠገብ የተስተካከለውን የይዞታ ደብተራቸውን ሊወስዱ መጡ። ደብተሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ተቀበሉኝ፤ ዶቅማው ያለበትን ገጽ አስነበቡኝ፤ ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ።

«እኒያ ጥፋቴ ነው ያሉት ሴትዮ የት ናቸው?» አሉኝ።

በሩን አሳየኋቸው። ሊሄዱ ብለው ቆም አሉ። «ሦስት መንግሥት አየሁ፤ ልጄ። የመንግሥት ሰው ተነሥቶ ጥፋቴ ነው ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንድ ሰው።»

እኔም ተናግሬ ነበር እኮ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አልተሳሳቱም። እትዬ ዘመናይ ባይነሡ ኖሮ እኔ ያን ሣር ላይ እንደተቀመጥኩ እቀር ነበር።